ርክክብ

ኑርሁሴን፣ ቁልፉ ከማስቲሹ ቆርቆሮ ሥር ነው፣
መኪናዋ ስትነሣ ታጉረመርማለች፤ ተዋት፣ ጠባይዋ ነው።
ሻንጣዬን ሳልቆልፍ ሦስቱን መንገድ ልንገርህ፣
ካርታው ላይ የሌለውን፣ እኔ ስሄድ እንዳይጠፋህ።

አረንጓዴው አጭሩ ነው፣ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር፣
የሊዋን ቴምር የሚዞር፣ የሙሽሮች ሽርሽር።
በአንድ ብስክሌት ሁለት ሆነው፣ ፊትና ኋላ ተፈናጥጠው፣
ፎቶ ሲነሡ ይወድቃሉ፤ ሳትስቅ ሮጠህ አንሣቸው።

ቢጫው እስከ ግመሎቹ በረት፣
ደርሶ መልስ አርባ ሁለት።
አቡ ሁመይድ የሚባሉ ሽማግሌ በረቱ ደጅ አሉ፣
«ግመል እያለ ሰው ለምን በገዛ እግሩ ይለፋል?» ይላሉ፤
መልስ አይጠብቁም። ወተት ይሰጡሃል በጣሳ፣
ጨርሰህ ሳትጠጣው እንዳትነሣ።
ከበረቱ ማዶ አንዲት እሾህ አለች፣
እኔ ስሟን አላውቅም፤ እሷ ግን ጎማዬን ታውቃለች።

ቀዩን ቀስ ብዬ ልንገርህ።
ሰማንያ ስድስት ነው፣ እስከ ተል ሞሪብ ግርጌ፤
ነፋስ ሌሊት ይቀብረዋል፣ ጠራጊው ጎሕ ሲቀድ ያወጣዋል፣
መንገዱ በየማለዳው አዲስ ነው፣ ካርታው ግን አሮጌ።
ያንተ ሥራ ከኋላ ነው፣
ውሃ፣ ሙዝ፣ ካላማዳሪ ይዘህ፣
የደከመውን እየለቀምህ።
ስታነሣው ፊቱን አትየው፤
ለመድከም ይህን ያህል የከፈለ ሰው
መድከሙን ሲያዩበት ያፍራል።
እኔ ዛሬም ነገሩ ግማሹ ነው የገባኝ።

ሎጊያ እያለሁ ጎሚስታ ነበርኩ፣ በጅቡቲ መስመር፣
የተሳቢ ጎማ በመዶሻ ሳወልቅ የምውል የማድር።
በሙቀት አንታማም።
እዚህ ጎማው ከጣቴ አይወፍርም፣
ብስክሌቱን በአንድ እጅህ ታነሣዋለህ፣
ዋጋውን በሁለት ዓመት ደሞዝህ አትችለውም።
ደግሞ ልብ በል፤ በዚህ ግቢ የሚተነፍስ ጎማ ብቻ ነው።
እኔ እስከ ልኬ ተሞልቼ ሦስት ዓመት ዞርኩ፣ ሳልተነፍስ።
ሰንሰለት ከተቀባ አይጮህም፤
ይህንንም የተማርኩት ከብስክሌት ነው።

በየጥሩ የምትመጣ አለች፣ ኢርምጋርድ፣ ሰባ አንድ ዓመቷ፣
ቀዩን ካልሆነ አትነካ፤ በፋሻ ታስሮ ጉልበቷ።
አምና ሠላሳ አንደኛው ኪሎ ላይ ብስክሌቷን አጋደመች፣
አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።
ውሃ ሰጠኋት። አልጠጣችም፣ አናቷ ላይ አፈሰሰችው።
ከዚያ እጇን ዘረጋች፦ «የመኪናውን ቁልፍ አምጣው።
አንተ ንዳው። እኔ ከኋላ እከተልሃለሁ።»

ኮርቻውን ሁለት ጣት ከፍ አደረግሁ።
ነጠላ ጫማ ነበር ያደረግሁ።
ኑርሁሴን፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የጠገንኩትን ነገር
ነድቼው አላውቅም ነበር!

የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያዝኩ፣
ሁለተኛው ላይ ለቀቅሁ።
አሸዋው ከጎማው ሥር እንደ ጨው ሲንኮሻኮሽ፣
ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ሲነፋ፣ አንዱ ጫማዬ ወልቆ ሲቀር፣
ዞር ብዬ አየሁ፤
መኪናዬ ፍሬቻዋን እያበራች፣ እያጠፋች፣
ከመሪው በላይ ነጭ ፀጉር ብቻ ይታያል፣
በቀስታ፣ ውሃ ጭና፣ ከኋላዬ ትመጣለች።
ለእኔ። እንዲያው ብደክም ብላ።

ተል ሞሪብ ስደርስ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ምንም አልተሰማኝም፣
ራበኝ እንጂ። ሙዝ በላን፤ ብዙም አላወራንም።
ጫማዬን ከመንገድ ለቅማልኝ ነበር።

በወሩ መጨረሻ ሁለት መቶ ድርሃም ተቆረጠ፣
«ያለ ፈቃድ» የሚል ወረቀት ላይ ስሜ ተለጠፈ።
እሷ አታውቅም፤ አንተም እንዳትነግራት።

ብስክሌቷ ያቺ ናት፣ ጥጉ ላይ፣ በሸራ የተሸፈነችው።
ኮርቻው እኔ ከፍ እንዳደረግኩት ነው ያለው፤
ሳትመጣ ሁለት ጣት ዝቅ አድርግላት።
ግን አትቸኩል፣ ጥር ገና ነው።
ሐሙስ ማታ በሩ ላይ ተረኛው ሹኩር ነው፤
አሥር ድርሃም ይፈልግብኛል፣ ስጥልኝ።