የምንጭ ውሃ

የጅማ ዝናብ ሲይዝ ግድግዳ ያስሻግታል፣
ሳምንት የሰቀልሽው ልብስ እርጥብ እርጥብ ይላል፤
"ሻጋታን የሚገድል አለ" ሲሉኝ በሰፈሩ፣
"ይነጣል ቤትሽ" ሲሉ፣ "ያበራል በሩ"፣
ሃያ አምስት ብር ነው፣ ርካሽ ነው ብዬ፣
ከሂርማታ ገበያ በዘንቢል አዝዬ፣
ስም ያልተጻፈበት፣ ክዳኑ የላላ፣
ውሃ የሚመስል፣ ውሃ ያልሆነ ሌላ፣
በሃይላንድ ጠርሙስ የገባ በረኪና
ከበር ጀርባ ቆመ፣ ከመጥረጊያው ጎን፣ እንደ ቤተኛ፣ እንደ ጤና።

ኢፍናን ሦስት ዓመቷ፤ ፊደል ገና አታውቅም፣
ሃይላንድ ግን ታውቃለች፤ አይታ አታልፍም።

እኔ ወለል ስፈትግ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣
ያ ሽታ እንዳይገባኝ አፍንጫ ዘግቼ፣
ሳል ሰማሁ ከኋላ።
ቀጭን ሳል። አንዲት። ከዚያ ለቅሶ። ከዚያ ሌላ።

ባጃጁ እንዴት ሄደ፣ በየት ዞረ፣ አላውቅም፤
የቦሳን መንገድ በረረ፣ ፍሬን ሳይዝ፣ ሳይቆም።

"አንድ ጉንጭ ነው" አሉ፤ "ምላሷ ተልጧል፤
ጉሮሮዋ ግን ደህና ነው፤ እድሏ ሆኖ ተርፏል።"
ሐኪሙ ጠየቀኝ፣ ካርዷን እየሞላ፦
"ምን ይላል ጽሑፉ፣ ጠርሙሱ ላይ ያለው?"
ምን ብዬ ልመልስ?
"የምንጭ ውሃ" ነው የሚለው።

ሰው ሊጠይቀን መጣ፤ ሙዝ ያልያዘ የለም።
አዴ ሲቲና ግን ይዛ የመጣችው
የደረቀ ፍሬ ነው፣ በጨርቅ የቋጠረችው።
"ሐንዶዴ" አለችኝ።
እኔ እንዶድ ነው የምለው፤ ከወሎ፣ ከእናቴ ቤት፣
ለዒድ ዋዜማ ጋቢ ሲያጥቡበት።
ስሙን ነው እንጂ መልኩን ረስቼዋለሁ፤
በላርጎ፣ በኦሞ ሰልጥኛለሁ።

ወቀጠችው በሙቀጫ፤ ውሃ ጨመረችበት፤
አረፋው ሲነሳ ልጄ ሳቀችበት፣ ምላሷ እያመማት።
ጥቀርሻ ያዘለውን ድስት በአመድ ፈተገችው፣
የሻወሩን ቧንቧ በሎሚ ልጣጭ አሸችው፤
እጄን አየችና፣ የተሰነጣጠቀ፣ የተላላጠ፣ ቀይ፣
"ይሄም ያንቺ ልጅ ነው፤ ለሱስ አታዝኚም ወይ?"

አልዋሽም። እንደ በረኪናው አያነጣም።
የጠረጴዛ ልብሴ ላይ የሻይ እድፍ አለ፣ እስከ ዛሬ አልወጣም።
ሻጋታውም ይመለሳል፤ በየሳምንቱ እፍቀዋለሁ፤
አንዳንዴ ይደክመኛል፤ ያንን ጠርሙስ አስበዋለሁ።
ባለቤቴ ሙዲን ሸሚዙን አይቶ፣
"ይሄ ነጭ ነው?" አለ፣ ብርሃን ላይ ዘርግቶ።
"ነጭ አይደለም" አልኩት፤ "ንጹህ ነው።"
ዝም አለ። ለበሰው።

አንድ ቀን እጣቢውን፣ እንደ ልማዴ፣ ቦይ ውስጥ ልደፋ ስል፣
አዴ ሲቲና ጮኸች፤ ያዘችኝ በክንድ፣ በኃይል፦
"ወደ አወይቱ እንዳይሄድ! ዓሣውን ያሰክራል፤
ልጆች ሆነን አይተናል፣ ሆዱን ሰጥቶ ሲንሳፈፍ ያስለቅሳል።
አፈር ላይ ድፊው፣ ከወንዝ አርቀሽ፤ መሬት ያውቅበታል።"

ቆምኩኝ፣ ባልዲ ይዤ።
ስንት ዓመት ነው እኔ፣ ያንን ሁሉ ስደፋ፣
ከቦይ ወደ ወንዙ፣ ያንን ሁሉ አረፋ፣
ማን "ዓሣው" አለኝ?
የሸጠልኝ እንኳ "እጅሽን" አላለኝ።

እንዶድም ክፉ አለው፤ ግን ስሙን አልደበቀም፤
"የምንጭ ውሃ ነኝ" ብሎ በር ጀርባ አልቆመም።
ክፋቱም ልማቱም ከነማስጠንቀቂያው
በአሮጊቶች አፍ ላይ ነው መኖሪያው።

ምላሷ ሽሯል አሁን። ዘፈንም ለምዳለች።
ሃይላንድ ስታይ ግን ቆም ትላለች፤
በሁለት እጇ አቅፋ ታመጣልኛለች፣
"ውሃ ነው?" ትላለች።

ክዳኑን እከፍታለሁ።
አሸተዋለሁ።
መጀመሪያ እኔ እቀምሳለሁ።