ከኮፈኑ በታች

ሸዋ በር አጠገብ፣ በጋራዡ ጥላ፣
የአባቴን ፔጆ ኮፈኗን አነሣሁ፤
የሠላሳ ዓመት ቅባትና አቧራ
እንደ ድስት ጥላሸት በጥፍሬ ጫርሁ።
ሞተሯ ደህና ነው፤ ሲነሣ ያጓራል፤
መልክ ለሌለው ነገር ግን
ማን በሰዓቱ ውሃ ይጨምራል?

አባቴ ከበርጩማው፣ ጫቱን እየቀነጠሰ፦
«አንቺ ልጅ፣ ማን ሊያየው ነው?
ፓራፋንጎው ነው የተላጠ፣ የበሰበሰ።
ሰው የሚያየው ውጪው፤
ይሄን ሙሽራሽን ኳኩለሽ ለማን ልትድሪው?»

ዝም አልሁ። ብሎኑን ፈታሁ፣ በየጣሳው ለየሁ፤
የካርቡራተሩን አፍ በጨርቅ ወተፍሁ፤
ቺንጋውን አውልቄ
የቴስታታውን ክዳን በነጭ ጋዝ አጠብሁ።
የመጀመሪያው ጥቁር፣ ሁለተኛው ጥቁር፣ ሦስተኛው ቡናማ፤
አራተኛው ላይ ግን በጣቴ ስነካው
የብረቱ ቆዳ ሲፋጭ ተሰማ።
ብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ ሻካራው፣ ኋላ ለስላሳው፤
ስፈትግ፣ ስፈትግ፣
ክንዴ የእኔ መሆኑን እስክረሳው።

አንቲራስቱ ደረቀ። የቀለም ነገር መጣ።
ኢምራን «ጥቁር ቀቢው» አለ፣ «ጥቁር ሰው አያሳጣ።»
ተላላኪው «ሰማያዊ ይሁን» አለ፣ «እንደ ታክሲዋ ፊት»፤
እኔ ግን ያሰብሁት የአክስቴን የሠርግ ቤት።
ከውጭ ድንጋይ ነው፣ ኖራ ነው፣ ጠባብ በር፤
ጎንበስ ብሎ ለገባ፣ ነደባው በቀይ አፈር፣
ግድግዳው በስፌት፣ በአለላ ያብባል፤
መንገደኛው አያይም ብሎ
ማን እድፍ ያስገባል?

ጭብጥ ቀይ አፈር በወረቀት ጠቅልዬ
ሄድሁ ቀለም ሻጩ ዘንድ።
አሸተተው፣ አሸው። «ከቀዩ ሦስት» አለ፣
«ከጥቁር ጠብታ፣ ከብርቱካኑ አንድ።»
«ሙቀት ግን ይችላል?»
«የድሬን ቀትር አንቺ ከቻልሽው፣
እሱ ምን ይለዋል?»

ሦስት ጊዜ ነፋሁት፤ ስስ፣ ስስ፣ እንደ ትንፋሽ።
አንዲት ዝንብ አርፋበት ቀረች።
ፊርማዬ ትሁን ብዬ አልፋቅኋትም።
የፊልትሮው ጣሳ አረንጓዴ፣ የባትሪው ወንበር ጥቁር ሆነ።
አባቴ አንዴ መጣ፣
ጉሮሮውን ጠረገ፣
ሄደ።

ሐሙስ ከድሬ ስንመለስ፣ ደንገጎ ዳገት ላይ፣
እንፋሎት ወጣ፤ ፔጆዋ ቆመች ከገደሉ በላይ።
ሰባት ሰው ወረደ፣ ግማሹ እያማረረ፣
ግማሹ ሹፌር ሲረግም የነበረ።
አባቴ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ኮፈኑን ሲያነሣ
አፍ ላይ የነበረው ስድብ እዚያው ተረሳ።
አዴ ሸምሲያ የማንጎ ቅርጫታቸውን አስቀመጡና
ወደ እንፋሎቱ ቀረቡ፣ ዓይናቸውን አጠበቡና
«ነደባ!» አሉ። «ይሄ የእናቴ ነደባ ነው!
እሳት ላይ ማን አስቀመጠው?»
አንዱ ክዳኑን በጣቱ ነካ፣ ተቃጠለ፣ ሳቀ።
ሌላው ዝንቧን አገኛት።
አባቴ ጀርባውን እንደሰጠ፣ ውሃ እያንቆረቆረ፣
«ልጄ ናት የቀባችው» አለ፣
ለራዲያተሩ የሚነግረው ይመስል።

ከዚያ ቀን ወዲህ
አዴሌ ላይ ይቆማል፣ አወዳይ ላይ ይቆማል፤
ውሃ ሳይጎድል፣ ሞተር ሳይግል፣
«ቆይ እስቲ፣ ትንሽ ትተንፍስ» እያለ
ኮፈኗን ይከፍታል።

ፓራፋንጎው እስከ ዛሬ እንደተላጠ ነው።