ያዝ ለቀቅ

«ስድስት ሺህ እርምጃ በቀን፣» አለች ሐኪሟ፣ «ሳታቋርጥ፤
ኪኒን ብቻውን አያመጣም ለውጥ።»
ሃያ ሦስት ዓመት በኪርያት ጋት ስኳር አሽጌ በፋብሪካ፣
እሱም እኔን ሊያሽገኝ ኖሯል፣ በደሜ ገብቶ ለካ።

መላ የመታልኝ ኢታማር ነው፣ የልጅ ልጄ፤
አውሬ የሞላበት ጨዋታ ጫነልኝ፣ ስልኬን ነጥቆ ከእጄ።
«ሳባ፣ ስትሄድ ይመጣሉ፤
ስትቀመጥ ይጠፋሉ።»

ከዚያ ወዲህ ሰፈሬን እንደ አዲስ አየሁት፤
ሃያ ዓመት ዝም ብዬ ያለፍሁትን መንገድ ቆሜ ጠበቅሁት።
በሎተሪው ኪዮስክ ጥግ ክንፍ ያለው አሣ፣
በምኩራቡ ደጃፍ ሲያስነጥሰው እሳት የሚተፋ እንስሳ፣
ከጤና ጣቢያው ወንበር ሥር
ጆሮው ከገላው የሚበልጥ አንድ እንቅልፋም ለስላሳ።

ማየቱስ ቀላል ነበር፤ መያዙ ነው የከበደኝ።
ኳሷን በጣት ገፍቶ መወርወር፤ እዚህ ላይ እጄ ካደኝ።
ካምና ጀምሮ ቀኙ ይንቀጠቀጣል፣ የሾርባ ማንኪያ ይደፋል፤
ኳሷ ሽቅብ ትበራለች፣ አውሬው ቆሞ የሚስቅ ይመስላል።
ኢታማር ነበር «አምጣ» እያለ የሚይዝልኝ፤
እኔ በእግር፣ እሱ በጣት፣ እንዲህ ነበር የሆነልኝ።
አሁን አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፣ ሰሜን፣ ከአፉላ ወዲያ፤
በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ይመጣል፣ ልብሱን ይዞ ለማጠቢያ።

ወደ ቫዲም ሱቅ ገባሁ፣ ቻርጀርና ገመድ ወዳንጠለጠለበት።
«የሚይዝልኝ ነገር አለ?» አልሁት።
የእሱም ዕብራይስጥ እንደ እኔው ሸካራ ናት፤ ተግባባንበት።
ሁለት አውጥቶ መስታወቱ ላይ አኖረ።
አንደኛዋ የእጅ አምባር፤ አውሬ ሲቀርብ ትንቀጠቀጣለች፣
«ልያዘው?» ብላ ትጠይቃለች፣
ከተጫንሃት ትይዛለች። መቶ ሰማንያ ሸቀል።
ሁለተኛዋ ኪስ የምትገባ፣ ግማሽ ሎሚ የምታክል፤
አትጠይቅም፣ አትናገርም፣
እሷው አይታ እሷው ትይዛለች። ሁለት መቶ ስልሳ ሸቀል።

አምባሯን አጠለቀልኝ። «ስትንቀጠቀጥ ተጫን።»
ተንቀጠቀጠች። ተጫንሁ።
«ገና ነው» አለኝ።
ደግሞ ተንቀጠቀጠች። ተጫንሁ።
«ገና ነው፣ አልበራችም እኮ።»
ያኔ ሁለታችንም እጄን አየነው፤
ከአምባሯና ከክንዴ የትኛው እንደሚጠራ፣
ማን ለይቶ ያውቃል? ቫዲም ከሁለተኛዋ ዋጋ
ሃያ ሸቀል ቀነሰልኝ፣ ምክንያቱን ሳያወራ።

ማታ ደወልሁለት። «ራሷ ከያዘችማ፣ ሳባ፣
አንተ ምኑን ያዝከው?» አለኝ። ነገሩ ልቤ ገባ።
ትርንጎ ሰምታ ኖሮ ከወጥ ቤት፣
«የሰንበት አሳንሰር ማንም ሳይጫነው ይሄድ የለም ወይ?
አምስተኛ ፎቅ ስትደርስ አጭበረበርሁ ትላለህ ወይ?»

እሷን ይዤ መዞር ጀመርሁ። ከመናፈሻው እስከ ባቡር ጣቢያ፣
ድምፅ የላት፣ ሙቀት የላት፤ ኪሴ ውስጥ መኖሯን እረሳለሁ።
ማታ ስከፍተው መቶ አሥራ ሰባት።
«ቦርሳዎ ሞልቷል» ይላል።
የት ቆመው እንደነበር አላየሁ፣ አንዱንም አያውቀው ልቤ፤
ሳይከፈት የተከመረ የባንክ ደብዳቤ።
አንድ በአንድ ለቀቅኋቸው። መልቀቅ ጥበብ አይፈልግም፣
የሚንቀጠቀጥ አውራ ጣትም ይበቃል።
ትርንጎ መነጽሯን አውልቃ፣
«የአንተ ነገር» አለች፣ «ድሮም ያዝ ለቀቅ!»

አሁን ተስማምተናል፣ እኔና ያቺ ግማሽ ሎሚ።
እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር የያዘችውን ትያዝ፤
እዚያ ስንደርስ አጠፋታለሁ።
ኢታማርና እኔ የመጀመሪያውን የያዝንበት
ቀለሙ የተላጠ ወንበር አለ፣ ከቁንዶ በርበሬው ዛፍ ሥር።

ዛሬ ያ ባለ ጆሮ እንቅልፋም መጣ።
ወረወርሁ፤ ሳትሁ። ወረወርሁ፤ ሳትሁ።
በሦስተኛው እጄ ኳሷን ሳላዝዘው አዞራት፤
«አሽከርክራት ሳባ፣ ስትሽከረከር ነው የምትይዝ»
ብሎ ዓመት ሙሉ የደከመበት፣
ያኔ እንቢ ያለኝ፣ እንዲያው በመንቀጥቀጥ ሆነ።
መታችው። ተዘጋች። አንዴ ተናጠች፣
ሁለቴ ተናጠች፤
ተከፈተችና ወጥቶ ሄደ።

ብቻዬን ስስቅ ጊዜ
አንዲት ሴትዮ ውሻዋን ወደ ራሷ ሳበች።
ስልኩ አምስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ይላል።
አርባ ይቀረኛል።
ወንበሩን ልዙረው።