ገቢ ሆኗል

አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ አቃቂ ፍርድ ቤት በር፣
ከተቀደደ ጥላ ሥር፣ ባንዲት ዱካ ወንበር፣
የሰው በደል ጻፍሁ፤
በገጽ አርባ ብር።

«አቤቱታ አቅራቢ» ብዬ ስንደረደር፣
እንባው ነው ቀዳሚ፣ ኋላ ነው የሕግ ቁጥር።
ብዕሬን የቀመሰ «እጁ ማር ነው» ይላል፤
ተሸንፎ ቢወጣም ቅጂውን ይወስዳል።

አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ከጎኔ፣ ካጥሩ ጥግ፣
ጠረጴዛ ዘረጋች አንዲት ምሩቅ የሕግ፤
ስሟ ኤፍራታ ነው። ካርቶን ላይ ጽፋለች፣
በፕላስተር ከግንቡ አጣብቃዋለች፦
«ነጻ የሕግ ምክር፣ አቅም ላጣ ሁሉ፤
ሰኞና ረቡዕ።»

ነጻ!
ይህን ቃል ሳነበው ምን አሰብሁ? ልናዘዝ፦
የቤት ኪራዬን ነው።
ቱሉ ዲምቱ፣ አንዲት ክፍል፣ ቆርቆሮ ቤት፣
ወር በገባ ባምስተኛው በሩ የሚመታበት።
ዘበኛውም ሳቀ፤ «ነጻ ነገርማ፣
ወይ መድኃኒት ሊሞክሩ ነው፣
ወይ ምርጫ ደርሷል ማለት ነው።»

መጡ ግን። ቀስ እያሉ፣ እኔን እያፈሩ፣
በፊቴ አልፈው እሷ ጋ ተደረደሩ።
ቤቱን በውክልና ወንድሙ የሸጠበት ባለ ክራንች በያጅ፣
መስማት የተሳናት የልብስ ፋብሪካ ልጅ፤
ኤፍራታ በጣቷ ስታዋራት አየሁ።
ድምፅ የሌለው በደል፣ ገጽ የሌለው ክስ
ፊቴ ሲያልፍ፣
ዋጋውን መገመት አቃተኝ።

አንድ ረቡዕ ደግሞ የሻረግ መጣች።
በጫማዋ አወቅኋት፣
ሲሚንቶ የበላው ኮንጎ።
ዓምና ኮዬ ፈጬ፣ እስከ ሰባተኛ ፎቅ፣
አሸዋ ስታወጣ ወገቧ እስኪዝል ድረስ፣
የአምስት ወር ደሞዟን ተቋራጩ
«ነገ» ሲላት፣ «ሰኞ» ሲላት፣
ሲም ካርዱን ቀይሮ ጠፋ።

ማመልከቻዋን የጻፍሁት እኔ ነኝ።
ሁለት ገጽ። ሰማንያ ብር።
«ላቤ እንደ አቤል ደም ከምድር ይጮኻል» አልሁ፤
ሳነብላት አለቀሰች፤ እኔም ትንሽ ቃጣኝ።
ሕጉን ግን አልጻፍሁም። አላውቀውም ነበር።
የላክኋትም ወደ ችሎት አይደለም፣ ወደ ወረዳ፤
ወረዳው ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ አሳደረው፣
አሳደረው፣ አከረመው።

ይርጋ የሚሉት አለ በሕግ።
የሰው ስም ይመስላል፣ የደግ ጎረቤት፤
ለወተትም ይባላል፣ «ተይው፣ ይርጋ»።
ስድስት ወር ከቆየሽ ግን ድሃዋ እህቴ፣
እርጎውን ሌላ ይጠጣዋል።

ኤፍራታ ወረቀቱን ከፌስታል አወጣች።
እኔ ጋዜጣ ውስጥ ተደብቄአለሁ፤
«ማነው ይህን የጻፈ?» እስክትል እጠብቃለሁ።
አላለችም። ገለበጠችው።
ከጀርባው ክብ ማኅተም፣
ሰማያዊ፣ ግማሹ የደበዘዘ።

የችሎቱ ቀን፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት
ካጥሩ ያላለፍሁ ሰው ገባሁ፤
ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥሁ።
የተቋራጩ ጠበቃ ተነሣ፣ ሱፉን አቃና፦
«ክቡር ዳኛ፣ ጥያቄው በይርጋ ቀሪ ሆኗል።»
ኤፍራታ ወረቀቱን ብቻ አሳለፈች።
ዳኛው መነጽራቸውን አወረዱ፣ አነበቡ፦
«ገቢ ሆኗል።» ቁጥሩ። ቀኑ።
በሦስተኛው ወር።
«ይርጋው ያኔ ተቋርጧል» አለች ኤፍራታ፣
ድምፅዋን ሳታነሣ።

ከሦስት ቀጠሮ በኋላ ተስማሙ፤
የሦስቱ ወር በእጅ፣ የሁለቱ በቀጠሮ።
(ሁለተኛው እስከ ዛሬ አልደረሰም።)

«ጋሼ» አለችኝ ኤፍራታ፣ «ማኅተም አስመቺበት ያላት ማነው?»
«እኔ!» አልሁ፣ ደረቴን ነፍቼ።
ለእሷ ያልነገርኋትን እዚህ ልጻፈው፦
ማኅተም ያለው ወረቀት ከበድ ይላል በእጅ፤
ሰማንያ ብሯ እንዳይቆጫት ብዬ ነው።

አሁን የጥላዬ ግማሽ እሷ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፤
ቀዳዳው ግን በኔ በኩል ነው።
ላለው ሰው እጽፋለሁ፣ ገጹ አርባ ብር፤
የሌለውን በብዕሬ ጫፍ፣ «ወደዚያ» እላለሁ፤
ለሁሉም ግን፣ ሳይጠይቁኝ፦
ማኅተም ይመታበት።
ቀኑ ይታይ።