መልቀቅ የማያውቅ ክንፍ

በቪዴ ሳንደ ወደብ፣ ከዓሣ መጋዘኑ ጀርባ፣
መስፊያ ቤቴ አለች፤ ንፋስ በመስኮቷ ስንጥቅ ሳይፈቀድለት የሚገባ።
ድንኳን እጠግናለሁ፣ ሸራ፣ ባሕር የቀደደው ካይት፤
አንዳንዱን በክር፣ አንዳንዱን በእውነት።

ማክሰኞ ማልተ መጣ፤ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣
የዓሣ ቅርፊት ያብረቀርቃል ከእጅጌው እስከ አንገቱ።
ከብብቱ ሥር የታቀፈው፣ እንደ ሕፃን የጠቀለለው፣
«አራት መቶ ክሮነር ብቻ!» አለ፤ ፊቱ በራ ሲገልጠው።
ቢቆጠር ካይቱ ነው ታላቅ፤ እሱ ጡት ሲጠባ ገና፣
ይሄ ሰው ይጎትት ነበር፣ በዚህ በውኃው ጎዳና።

«ትንሽ ቀዳዳ አለችው፤ እሷን ብቻ ድፈኚልኝ።
ጀማሪ ነኝ፤ መውደቅ አይቀር፤ አዲሱ ምን ሊያደርግልኝ?
መስበሬ ካልቀረ፣ ርካሹን ልስበር» አለኝ።

ዘረጋሁት ጠረጴዛው ላይ፤ በጣቴ ጨርቁን ዳሰስኩ፤
ያልተቀደደውን ነው የፈራሁት፤ ቀዳዳውንማ መች ቆጠርኩ?
ፀሐይ በልታው ሳስቷል፤ ሲያሹት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይላል፤
ቫልቩን በምራቄ ነካሁት፤ አረፋ ደፍቆ ይተነፍሳል።
ገመዶቹ አራት ናቸው፤ አንዱ ካንዱ በስንዝር አጠረ፤
ቀዩን መልቀቂያ ሳብኩት፣
ሳብኩት፣
ጨው ነክሶታል፤ አሻፈረኝ ብሎ ቀረ።

ሻጩን ቶርኪልን አልወቅስም፤ ሽማግሌው አጭበርባሪ አይደለም፤
ሰባ ሊደፍን ነው፤ በዚያው ዓይነት ክንፍ ከእሱ የሚወዳደር የለም።
አይቼዋለሁ ኅዳር ላይ፣ ውርጩ አሸዋውን ሲያደርቀው፣
ንፋሱ ገና ሳይዞር፣ በትከሻው ነው የሚያውቀው።
ለእሱ የተገራ በቅሎ ነው፣ አመሉን ለይቶ የያዘው፤
ለዚህ ልጅ ግን ልጓም የለውም፤ ያውም ወገቡ ላይ ነው የሚታሰረው።
የዘንድሮዎቹ ክንፎች፣ እጀታውን ስትለቅ ይበርዳሉ፤
የያኔዎቹ ግን፣ በደነገጥክ ቁጥር፣ የባሰ ይጎትታሉ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል ያገሬ ሰው፤
ምነው በፈታ! ይሄ ትጥቅ፣ አልፈታም ብሎ ነው ሰው የሚጨርሰው።

ግራ ጉልበቴን ገለጥኩለት፤ ጠባሳው እንደ ዚፕ ተኝቷል።
«እኔም ርካሽ ገዝቼ ነበር፤ ድንጋዩ ዛሬም እዚያ ተቀምጧል።
ክንፉ ነው ያልለቀቀኝ፣ ወይስ እኔ ነኝ ያልለቀቅኩት?
ስምንት ዓመት ስሰፋ ኖሬ፣ ይህን ብቻ አላወቅኩት።»

«ታዲያ» አለኝ፣ ድምፁ ወርዶ፣ «ገንዘብ የሌለው አይብረር?»
ማሽኔን አቆምኩ። ከውጭ ንፋሱ ብቻ ነበር።

«ይብረር» አልኩት ቆይቼ። «ያገለገለ ካረጀ ይለያል፤
የሦስት የአራት ዓመት ክንፍ፣ ዋጋው ወርዶ ጤናው ይገኛል።
አንድ ሰሞን ከአስተማሪ ጋር፣ ከጥልቁ ሳይሆን ከፊዮርዱ፣
ውኃው ከጉልበት በማያልፍበት፤ እዚያ ነው የጀማሪ መንገዱ።
ገበያ ስትወጣም፣ እንዴት ይበራል አትበል አስቀድመህ፤
እንዴት ይለቃል በል። ቀዩን ሳብ፤ ደግመህ፣ ሠልሰህ።
ከለቀቀ፣ ዋጋ ጠይቅ። ካለቀቀ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብለህ
ሂድ።»

ተቆጥቶ ነው የወጣው። በሩን ንፋሱ ይሁን እሱ፣
አንዳቸው ወርውረው ዘጉት፤ ክሮቼ ከመደርደሪያው ፈሰሱ።

ካይቱን ግን ትቶት ሄደ፤ አልሸጠው፣ አልጣለው፤
በመስኮቱ ስንጥቅ ላይ ሰቀልኩት፣ እንደ መጋረጃ ነው ያለው።
አሁን አርብ አርብ ይመጣል፤ ከደመወዙ ጥቂት ይዞ፣
ከብስኩት ጣሳዬ ይከታል፣ ወደ ባሕሩ አይቶ ተክዞ።
ስንት እንደሞላ አልጠየቅኩም፤ እሱም አልነገረኝም።

ቀዳዳዋን አልሰፋኋትም። ጠዋት ፀሐይ በእሷ ትገባለች፤
አንዲት ክብ የብርሃን ሳንቲም፣ መቀሴ ላይ ታኖራለች።