ስምንት ፊደል

ክረምት ስል፣ አደራ፣ ጎርፍና ድፍርስ ወንዝ እንዳይመጣባችሁ፤
የእነሱ ሌላ ነው፤ ትንፋሻችሁ ነጥቶ፣ እንደ ጢስ ፊታችሁ
ቆሞ የሚያያችሁ።

ሃሊፋክስ ይሏታል፣ የዮርክሽር ከተማ፤
ሱፍ ስትፈትል ኖራ፣ ዛሬ ጭስ ማውጫዋ የእርግብ ነው ማማ።
ፊቱን ወደ ደቡብ ባዞረ ግንብ ሥር
አግዳሚ ወንበር አለ፤ ቴልማና ዊልፍ ይወርሱታል፣ ጥር በገባ ቁጥር።

ቤታቸው እንዳይቀመጡ፣ የጋዝ ዋጋ ንሯል፤
ቴልማ ቆጣሪውን በፎጣ ሸፍና፣
«ካላየሁት፣» ትላለች፣ «እሱም ያዝንልኛል።»
ዊልፍ ደግሞ ሠላሳ ዓመት፣ በዚሁ ፋብሪካ፣
ለምድጃው አፍ ከሰል ሲያጎርስ ኖሮ፣
ለራሱ አንዲት ፍም እንኳ አላስቀረም ለካ።
ሹራብ በሹራብ ይደርባል፤
ጉልበቱም ብርድ በብርድ ይደርባል።

ፀሐይ በዚያ ሰሞን ስስታም እንግዳ ነች፤
ስድስት ሰዓት ካሥር ከማዶው ጣሪያ ላይ ብቅ ትላለች፤
ኮቷን ሳታወልቅ፣ ሰባት ሳይሞላ ትነሣለች።

አንድ ቀን በዚያች ቅንጣቢ ሰዓት፣ ጋዜጣ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣
«ወደ ታች፣ አሥራ ሰባት፤ ስምንት ፊደል፣» አለች፤
«የክረምት ፀሐይ ሙቀት።» እርሳሷን ነከሰች።
ዊልፍ አገጩን አከከ። «እኔ የማውቀው ስሙ፣ ‹ነይ ውጪ፣ ፀሐይ ወጣች› ነው።»
«እሱ ከስምንት ይተርፋል። ይልቅ ዝም በል፣ ላስበው።»

ማታ የአባቷን መዝገበ ቃላት ካልጋ ሥር ጎተተች፤
አቧራውን እፍ ብላ፣ ከገጹ ግርጌ አገኘች፦
አፕሪሲቲ።
ከላቲን የመጣች፣ አራት መቶ ዓመት ያለፋት፤
አንድ ሰው መዝግቦ፣ እዚያው የተዋት፤
ደብዳቤ ያልገባች፣ ገበያ ያልወጣች፣ እናት ያልቆጣችባት፤
ቀሚስ ሆና ተሰፍታ፣ ማንም ያልለበሳት።

እኔ ይህን ስሰማ ገረመኝ። እኛ «ፀሐይ ሞቀ» ብለን፣
ሰውዬውን ግንብ ሥር አስቀምጠን፣
ወደ ሥራችን እንሄዳለን።
የእኛ ቃል ሟቂውን ያውቀዋል፤ የእነሱ ቃል ሰው ተነሥቶ ከሄደ ወዲያ
ድንጋዩ ላይ የቀረውን፣
በመዳፍ ብቻ የሚነበበውን።

ዊልፍ ግን ቃሉን እንደ አዲስ ባርኔጣ ሆነበት፤
አልጋ ውስጥ ብቻ ሲቀር በየሄደበት አጠለቀበት።
ሻዩን ፉት ብሎ፣ «አቤት አፕሪሲቲ!»
ድመቷ እግሩ ላይ ስትተኛ፣ «ነይ የኔ አፕሪሲቲ!»
አውቶቡስ ውስጥ ሾፌሩን፣ «በሩን ዝጋው ልጄ፤
አፕሪሲቲው አመለጠ እኮ!» ሲለው፣
ልጁ ዕቃ የጠፋ መስሎት ወንበር ሥር ፈለገው።

ቴልማ ታርመዋለች፤ ጣቷን ቀስራ፣ እንደ ድሮዋ አስተማሪ፦
«ሻይ አይደለም፤ ድመት አይደለም፤ ምድጃም አይደለም።
ፀሐይ ትሁን፤ ብርድም ይኑር፤ ብርድ ከሌለ ቃሉም የለም።»
«እንግዲያ፣» አለ ዊልፍ፣ «ብርዱን ከከፈልኩት፣
ቃሉ የኔ ነዋ። ደረሰኝ አለኝ፤ ጉልበቴን እዪት።»

ሐምሌ ገባ። ለእኛ ክረምት፣ ለእነሱ በጋ።
አስፋልቱ ቀለጠ፤ ሕፃናቱ ካናቴራቸውን አወለቁ።
የዊልፍ ሳንባ የበላውን ከሰል አሁን ቆጠረ፤
ሆስፒታል፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ የራቀው አልጋ።
መጋረጃው ዝግ ነበረ።

ቴልማ ከአውቶቡስ ወርዳ፣ ላቧን ጠርጋ ገባች፤
እጁን ብድግ አድርጋ በሁለት መዳፏ መሀል ሸሸገች።
ዓይኑን አልገለጠም። ከንፈሩ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣
«አፕሪሲቲ፣» አለ።

ጣቷ ሊቀሰር ከጅሎ ነበር።
በልቧ ቆጠረች፦ ሐምሌ ነው፤ ፀሐይ የለችም፤ ይኸ እጅ ነው እንጂ...
ሦስት ስሕተት፣ ባንድ ቃል።
አላረመችውም።
የያዘችው እጅ እንደ ጥር ድንጋይ ነበር፤
ብርዱ ብቻ ልክ ነበር።