ነጭ ነጩን

«ማሰሪያው ተበጥሶ» አልኩ ለጠየቀኝ፣
ላልጠየቀኝም አልኩ፣ በዓይኑ ለለቀመኝ።

የፋሃሂል ዓርብ ነው፣ ሐምሌ እኩሌታ፣
ሬንጁ ላብ ያልበዋል፣ ነፋስ የለም ላፍታ፤
ሰው ከጥላ ጥላ እንደ ሌባ ያደባል፣
የኔ እግር ባዶውን መሐል መንገድ ገብቷል።

የእግረኛ ማቋረጫው ላይ ነጭ ነጩን ረገጥኩ፤
ጥቁሩ ይፋጃል፣ ይህን ዛሬ ተማርኩ።
ሰኞ ማክሰኞ ዘለልኩ በሠላሳ አንድ ዓመቴ፣
ቀይ መብራት ያቆመው ሁሉ ተደርድሮ ሲያይ ፊት ለፊቴ።

ባለታክሲው መስኮቱን ዝቅ አደረገና
«ወይን ናአል?» አለኝ፣
ጫማሽን ምን በላው፣ ማለቱ ነውና።
«ተበጠሰ» አልኩት።
አረንጓዴው በራ፣ ሳቁን ይዞ በረረ።

አንድ ሕፃን በጣቱ ጠቆመኝ፣ እናቱ ጣቱን አጠፈች፤
ከቦርሳዋ ሩብ ዲናር አውጥታ መዳፌ ላይ ጨመቀች።
ተቀበልኩ። ምን ላድርግ?
አረብኛዬ «እሺ» ነው፣ «ታጥቧል» ነው፣ «መጣሁ» ነው፤
ምጽዋት መመለሻ ቃል ያስተማረኝ ማነው?

የገበያ ማዕከሉ የመስታወት በር በራሱ ተከፈተ፤
እሱ ሰው አይመርጥም። ዘበኛው ግን አየ።
እግሬን አየ፣ ካሜራውን አየ፣
ከዚያ የራሱን ጫማ፣
ፊቱ የተወለወለ፣ ተረከዙ የተበላ።
ደረቱ ላይ «ቢሽኑ» ይላል።
«ሶሪ ሲስተር» አለኝ።
ግን ጀርባውን ለካሜራው ሰጥቶ፣
አንዲት ደቂቃ ሙሉ እብነ በረዱ ላይ ተወኝ፣
እንዳላየ ሆኖ፣ ሰዓቱን ተመልክቶ።

ሁሉን ቻልኩት። ያልቻልኩት አማርኛውን ነው።
ሁለት ሴቶች አለፉኝ፣ ተረከዛቸው ሚስማር፣ ሽቷቸው ቀድሟቸው፤
«እያት እስቲ ይቺን፣ አገር አሰዳቢ!» አለች አንዷ እንድሰማ።
እኔም እንዳልሰማ፣
እንደ ሲሪላንካ ሴት አንገቴን ወዘወዝኩ፣
በገዛ ቋንቋዬ ፊት ባዕድ ሆኜ አለፍኩ።

ቤት ማዳም «አውልቂ» ትላለች፣ ምንጣፉ እንዳይቆሽሽ፤
ውጪ ሰው «አጥልቂ» ይላል፣ ዓይኑ እንዳይቆሽሽ።
እግሬ ያው እግሬ ነው።

ዓሣ ተራው ዳር፣ ባሕሩ ከሚጀምርበት፣
አንድ ሽማግሌ የሽቦ ወጥመድ ይጠግናል፣ እሱም በባዶ እግሩ፣
ተረከዙ እንደ አሮጌ ጀልባ ተሰንጥቆ ዳር ዳሩ።
ፊቴን አላየም። «ናአል»ም አላለኝ።
ብድግ ብሎ ዓሣ ያጠበበትን ባልዲ አነሳና
ከፊቴ ሲሚንቶው ላይ ደፋው።
ሲሚንቶው «ጭስስ» አለ።
በርጥቡ ላይ አለፍኩ፣ የዓሣ ቅርፊት ተረከዜ ላይ ተጣብቆ፤
እሱ ወደ ሽቦው ተመለሰ፣ ምስጋናዬን ሳይጠብቅ፣ አቀርቅሮ።

እንግዲህ ልናዘዝ፦
ማሰሪያው አልተበጠሰም።
ጫማው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣
አንድ ክር አልጎደለም።
የማዳም የአምናው ነው፤ ቁጥሩ አርባ፣ የኔ ሠላሳ ሰባት፤
ስሄድ ይዘገያል፣ ተረከዜን ከኋላ በጥፊ ሊመታት።
ሦስት ዓመት ዐሥራ አንደኛ ፎቅ፣ ሰድር፣ ሰድር፣ ሰድር፤
መሬትን ከላይ አያታለሁ፣ መስኮት ስወለውል፣ እንደ ሰው አገር።
ዛሬ የሦስት ሰዓት ፈቃድ ሲሰጡኝ
ልርገጣት አልኩ። በቃ።
ፋጀችኝ።

ማታ ሊፍቱ ውስጥ አጠለቅኩት፣ ውሃ በቋጠረ እግሬ ላይ።
«ለምን ታነክሻለሽ?» አለች ማዳም፣ ቅርፊቱን ሰድሯ ላይ ሳታይ።
«ጫማው ሰፍቶኝ» አልኩ።
ቀኑን ሙሉ ከዋሸሁት
ለእውነት የቀረበው ይሄ ነበር።